ስልኩ ይማር

ነርሲንግ ነው የምማረው። ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ግን ገና ለሕዝብ ያልወጣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላፕቶፔ ላይ አስነስቼ አማርኛ እጽፍበታለሁ። የማህበራችን ልጆች ይህን ሲሰሙ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ኮምፒውተርሽን አያበላሽብሽም?» እና «ለነርስ ምን ያደርግላታል?» የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው። አያበላሽም፤ ምክንያቱም የምጭነው ኮምፒውተሬ ውስጥ ባለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሁለተኛው መልስ ረዘም ስለሚል ይህን ጽሑፍ ጻፍኩለት።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። በሶፍትዌር የተሠራ ነው። ላፕቶፓችሁ 16 ጊጋባይት ራም ካለው አራቱን ታውሱታላችሁ፣ ከዲስካችሁ ላይ 25 ጊጋባይት ያህል ትቆርሱለታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እሱ ራሴን የቻልኩ ኮምፒውተር ነኝ ብሎ በአንድ መስኮት ውስጥ ይነሳል። የሙያው ሰዎች የተጠቀሙበት ቃል ለኛ ቅርብ ነው፤ ዋናውን ማሽን አስተናጋጅ፣ ውስጡ ያለውን ደግሞ እንግዳ ይሉታል። እንግዳው ሳሎን ውስጥ ያሻውን ይሁን፣ ጓዳ አይገባም። ቢያብድ መስኮቱን ዘግቼ ሻዬን እጠጣለሁ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አይቢኤም በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዱን ትልቅ ማሽን ለብዙ ሰው እንደየራሱ ኮምፒውተር አድርጎ ማካፈል ጀምሮ ነበር፤ በ1972 ደግሞ ቪኤም/370ን አወጣ። በ1999 ቪኤምዌር ይህንኑ ነገር ተራ ፒሲ ላይ አመጣው። ዛሬ ቨርቹዋል ቦክስ በነፃ ይወርዳል፤ የቪኤምዌር ወርክስቴሽንም ከ2024 ጀምሮ ለግል ጥቅም ነፃ ነው። ባዶ ኪስ ላለን ተማሪዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሙከራ ስሪት ማለትስ? ድግስ ከመቅረቡ በፊት ወጥ ይቀመሳል አይደል? ኡቡንቱ በየዓመቱ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ አዲስ ስሪት ያወጣል፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ቤታውን ለፈለገ ሁሉ ይለቃል። ማይክሮሶፍት ከ2014 ጀምሮ ኢንሳይደር በሚለው ፕሮግራሙ ያልወጡ የዊንዶውስ ስሪቶችን ያስሞክራል። አፕልም የማክን ቤታ ለሕዝብ ይከፍታል። የስልክ ስርዓቶችንም ላፕቶፕ ላይ የሚያስነሳ ኢሙሌተር አለ። ይህ ሁሉ «ቅመሱልን፣ ጨው ካነሰው ንገሩን» ማለት ነው። ችግሩ ቀማሾቹ በብዛት የሚቀምሱት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው።

የሚሞትና የሚነሳ ታካሚ

ነርሲንግ የምትማሩ ሲሙሌሽን ላብን ታውቁታላችሁ። አልጋው ላይ አሻንጉሊት ተኝቷል፤ መምህራችን ግን አሻንጉሊት እንድንለው አትፈቅድም፣ ታካሚ ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ስቴቶስኮፕ ሲደረግበት ልቡ ይሰማል። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው በማይክሮፎን «ትንፋሽ አጠረኝ» ይላል። ግፊቱ ሲወርድ ሞኒተሩ ይጮኻል፤ ቡድኑ ከዘገየ ልቡ ይቆማል። ከዚያ መምህራችን አንድ ቁልፍ ትጫንና ታካሚው ይነሳል። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ ምን አየን፣ መቼ አየነው፣ ለማን ተናገርን እንባባላለን።

ቨርቹዋል ማሽንም ያቺ ቁልፍ አለችው፤ ስናፕሾት ትባላለች። አዲሱን ስርዓት ከጫንኩ በኋላ ባለበት ሁኔታ አንድ ስናፕሾት አስቀምጣለሁ። ከዚያ ቋንቋውን እቀያይራለሁ፣ ሰዓቱን ወደ ጳጉሜን እወስደዋለሁ፣ ማዘመኑን መሃል ላይ አቋርጬ አጠፋዋለሁ። አልነሳም ካለ ወደ ስናፕሾቱ እመልሰዋለሁ። ጥቅሙ ግን መመለሱ ብቻ አይደለም። ሰው ሳይጎዳ አንድን ችግር አሥር ጊዜ ማየት ይቻላል፤ አሥር ጊዜ ያየኸውን ነገር ደግሞ ለሌላ ሰው በትክክል መንገር ትችላለህ።

ስልኩ ዓይኑ ጠፋ

አያቴ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ አውሮራ ውስጥ፣ ከሃቫና ስትሪት ብዙም ሳንርቅ። ሦስት መድኃኒት ይወስዳሉ፦ የግፊት ጠዋት፣ የስኳር ከቁርስና ከራት ጋር፣ የኮሌስትሮል ማታ ሲተኙ። እናቴ ሥራ የምትገባው ሌሊት ነው። እኔ በ15 ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስን ይዤ ዴንቨር እወርዳለሁ። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ያለው ስልካቸው ነው። ስለዚህ ስልኩን አማርኛ አድርጌ ማንቂያ ሞላሁላቸው፤ ሲጮህ «የግፊት»፣ «የስኳር»፣ «የሌሊት» እያለ ስሙ ይወጣል። አያቴ ጎበዝ አንባቢ ናቸው፣ ዳዊት ደጋሚ። እንግሊዝኛ ግን አያነቡም።

ዓምና በኅዳር ስልኩ ሌሊት ራሱን አደሰ። ጠዋት ማንቂያው በሰዓቱ ጮኸ፤ በስሙ ቦታ ግን ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ነበር። ክፍል ውስጥ ሳለሁ ደወሉልኝ፤ ወጥቼ አነሳሁት።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ስልክ ዓይኑ ጠፋ» አሉኝ። «ሁሉንም ሳጥን ሳጥን ነው የሚለኝ። የቱን ልዋጥ?»

«አያቴ፣ አይዞት። ክዳኑ ላይ ቀይ ክር የታሰረበትን ይያዙ።»

«እሱን እንኳ አውቀዋለሁ። የሚቀጥለው ሲጮህስ?»

ጉዳት አልደረሰም። አያቴ ያልገባቸውን ነገር አይውጡም። ማታ ስመለስ ማንቂያዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብዬ ሰየምኳቸው፤ ያንኑ ቁጥር በየጠርሙሱ ላይ ጻፍኩ። የፊደል ባለሙያዎች እነዚያን ሳጥኖች «ቶፉ» ይሏቸዋል፤ ነጭና አራት ማዕዘን ስለሆኑ። ስርዓቱ የፊደሉን ቁጥር ያውቀዋል፣ መልኩን የያዘ ፎንት ግን በዚያ ቦታ አላገኘም ማለት ነው። ጉግል «ኖቶ» ብሎ የሰየመው የፎንት ቤተሰብ ስሙን ያገኘው «ቶፉ አይኑር» ከሚል ሐሳብ ነው፤ የግዕዝ ፊደልም አለው።

ችግሩ በቁጥር ተፈታ፤ አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ያ ስሪት ከመውጣቱ በፊት ለወራት ሙከራ ላይ ነበር። በነዚያ ወራት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ማንቂያ ላይ በአማርኛ ጽፎ ቢሆን ኖሮ አያቴ ዘንድ ሳይደርስ ይታይ ነበር። እኛ በዴንቨርና በአውሮራ ስንት ነን? ላፕቶፕ የሌለውስ ማን አለ? የሚቀጥለው ስሪት የሙከራ ምስል ሲወጣ በዚያው ሳምንት አወረድኩት።

አምስተኛው ትክክለኛ

መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት አምስት ነገር እንድናረጋግጥ እንማራለን፦ ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። አዲሱ የሙከራ ስሪት ላይ ፊደሉ ሁሉ በደንብ ታየ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየሁት። «8:00 ጥዋት» ይላል።

ለኔ ይህ ክሊኒካል ልምምድ ላይ 0800 ብዬ የምጽፈው ነው። ለአያቴ ግን ጠዋት ስምንት ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ ቁርስ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ስምንት ሰዓት ምሳ ካለፈ በኋላ ነው። ስልኩ ቃሉን ተርጉሞ ሰዓቱን እንዳለ ትቶታል። ሆስፒታል የሚሰጠው ወረቀትም በአማርኛ ሲተረጎም ይኸው ይገጥመዋል፤ «በ8 ሰዓት ይውሰዱ» የሚለው ለአንዱ ሰው ከቁርስ ጋር ነው፣ ለሌላው ከምሳ በኋላ። ስድስት ሰዓት መዛባት ለምሳ ቀጠሮ ቀልድ ነው። በባዶ ሆድ መወሰድ ለሌለበት የስኳር መድኃኒት ግን ቀልድ አይሆንም። ለዚህ ነው ነገሩን የሚያውቁ የኛ አስተርጓሚዎች ሁልጊዜ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለው የሚጠይቁት። ስልክ አይጠይቅም።

ቤት ውስጥ በዚህ ተከራክረናል። እናቴ «ወደ እንግሊዝኛ አድርጊላቸውና ይገላገሉ፤ እኛስ የለመድነው እንደዚያው አይደል?» አለች። አያቴ ቡና እየቀዱ ሰሙን።

«እኔ ሁለት ሰዓት ካልኩ ሁለት ሰዓት ነው» አሉ። «ስልኩ ይማር። ወጣት እሱ ነው።»

ሳቅን። እናቴ ግን ያለምክንያት አልተናገረችም። ፋርማሲው የሚዘጋው፣ አውቶቡሱ የሚያልፈው፣ ዶክተሩ የሚቀጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እዚህ አገር የሚኖር ሰው ያንን ካላወቀ ይቸገራል። አያቴም እውነት አላቸው። ሰባ ዓመት ፀሐይን ይዘው የቆጠሩትን ሰዓት ለአንድ ስልክ ብለው አይጥሉትም። መጥፎ ሌሊት አድረው ሲነሱ አእምሯቸው የሚመለሰው ወደዚያኛው ሰዓት ነው። እኔ የምፈልገው ሁለቱም ጎን ለጎን እንዲታዩ ነው፤ «8:00» ከሥሩ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት»።

ይህንን ጽፌ ላክሁ። የመለሰልኝ በጎ ፈቃደኛ ትሁት ሰው ነበር። ለየቋንቋው የቀን፣ የሰዓትና የቁጥር አጻጻፍ የሚሰበሰብበት ሲኤልዲአር የሚባል የጋራ መዝገብ እንዳለ፣ የዩኒኮድ ኮንሰርቲየም እንደሚያስተዳድረው፣ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ከዚያ እንደሚቀዱ ነገረኝ። መዝገቡ የኢትዮጵያን ወራት እስከ ጳጉሜን ያውቃል። የኔ ጥያቄ ግን ብልሽት ሳይሆን ያልተሠራ ነገር ነው ብሎ መለያውን «ምኞት» ወደሚለው ክፍል ቀየረው። በሙያው ቋንቋ «ዊሽሊስት» ነው የሚሉት። አያቴ የልደት ስጦታ የጠየቁ መሰለ። ምድቡ በደንባቸው ትክክል እንደሆነ ይገባኛል፤ አምስቱን ትክክለኛዎች ለተማረ ሰው ግን ሰዓት ምኞት አይደለም። አሁንም እዚያው ተመዝግቦ አለ፤ በየስሪቱ እየገባሁ እስካሁን እንዳልተሠራ እጽፍበታለሁ።

ኮሎራዶ ውስጥ ሥር አለው

ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ የማስገባቱ ሥራ እዚሁ ግዛታችን ውስጥ ታሪክ አለው። ስለ ዶክተር አበራ ሞላ ለእናቴ ስነግራት ክራር ይዘው አዲስ አበባን ያስጸዱት ጋሽ አበራ ሞላ መስለዋት ስለ እሳቸው አንድ ሰዓት አጫወተችኝ። እኔ ያልኳት ሳይንቲስቱን ነበር። ዶክተር አበራ ኮሎራዶ ተቀምጠው በ1980ዎቹ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ መጻፊያ ፕሮግራም የሠሩ ሰው ናቸው፤ በ2015 ደግሞ ለግዕዝ ፊደል አከታተብ ዘዴያቸው ቁጥሩ 9,000,957 የሆነ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጥቷቸዋል።

ያ ዘመን ሁሉም በየፊናው የሚሠራበት ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ነገሩ መስመር የያዘው በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው፤ 345 የግዕዝ ምልክቶች የየራሳቸው ዓለም አቀፍ ቁጥር አገኙ። ሀ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200 ቁጥርን ያዘች። ከዚያ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ሥራው ግን ያኔ አላለቀም፤ ለጉራጌኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ2021 ነው።

ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት ፊደል ቁጥር ማግኘቱ የጉዞው ግማሽ መሆኑን ነው። ቀሪው ግማሽ በየስሪቱ ይደገማል። አንድ ሰው የማንቂያውን መስኮት እንደገና ሲሠራው፣ ፎንት ሲቀይር፣ ቦታ ለመቆጠብ አንድ ፋይል ሲያስወጣ፣ ትናንት የሠራው አማርኛ ዛሬ ሊጠፋ ይችላል። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ቢሮው ውስጥ የሚያነበው ሰው ስለሌለ ብቻ አይታይም።

ምን እፈትናለሁ?

በመጀመሪያ ከጭነቱ ጀምሬ አማርኛን እመርጣለሁ፤ የተጠቃሚውን ስም በአማርኛ እጽፋለሁ። የይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይ ኪቦርዱ አማርኛ ሆኖ ቢቀር ሰውየው ወደ ላቲን መመለስ ይችላል? ካልቻለ ከገዛ ኮምፒውተሩ ውጪ አድሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ ቋ፣ ጧ፣ ሟ፣ ኳ የመሳሰሉትን እጽፋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ ከመስመሩ መጨረሻ ተነጥለው ወደ ታች ይወርዱ እንደሆነ አያለሁ። ፩፣ ፪፣ ፫ንም እሞክራለሁ።

ከዚያ ሰው የማያስባቸው ቦታዎች ይመጣሉ፦ ማንቂያ፣ ማሳወቂያ፣ የተቆለፈ ስክሪን፣ የፋይል ስም፣ የሚታተም ወረቀት። የአያቴ ሳጥኖች የወጡት ከእነዚህ ባንዱ ነው።

ፍለጋንም እፈትናለሁ። «ሐኪም» ብዬ ያስቀመጥኩትን ስልክ ቁጥር «ሀኪም» ብዬ ስፈልገው ያገኘዋል? «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ሴት «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የለችም» ይባላል? ሰው የቸኮለ ዕለት የትኛው ሀ እንደሆነ አያስብም፤ አምቡላንስ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

በመጨረሻ ፊደሉን ሁለት እጥፍ አሳድገዋለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች የሚያነቡት እንደዚያ ነው። አንድ የሙከራ ስሪት ላይ ይህን ሳደርግ የፊደሎቹ የታችኛው ክፍል ተቆረጠ። በእንግሊዝኛ ቢሆን የአንዳንድ ፊደል ጅራት ይጎድላል፣ ቃሉ ግን ይነበባል። በኛ ፊደል እግር ድምፅ ነው። ሊ እና ሌ እግራቸው ሲቆረጥ ሁለቱም ለ ይመስላሉ። «የሌሊት» የሚለው ማንቂያ «የለለት» ሆኖ ወጣ።

ይህን ሪፖርት ያደረግሁት በነርስ ቋንቋ ነው። ስለ ታካሚ ለዶክተር ስንደውል የምንከተለው ኤስባር የሚባል ቅደም ተከተል አለ፦ ሁኔታ፣ ዳራ፣ ግምገማ፣ ምክረ ሐሳብ። መሠረቱ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ነው፤ ለሕክምና እንዲሆን አድርገው ያመጡት ደግሞ እዚሁ በካይዘር ፐርማነንቴ ኮሎራዶ የነበሩት ዶክተር ማይክል ሊዮናርድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እንዲህ ጻፍኩ።

ሁኔታ፦ ፊደል 200 በመቶ ሲያድግ በማንቂያው መስኮት የአማርኛ ፊደላት እግር ይቆረጣል።
ዳራ፦ ባለፈው ስሪት አልነበረም፤ በአዲስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ከአሥር ሙከራ አሥሩም ላይ ታየ፤ የስክሪን ፎቶ ተያይዟል።
ግምገማ፦ በዚህ ፊደል እግር አናባቢን ስለሚለይ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል፤ የመድኃኒት ማንቂያ የሚጠቀሙ አረጋውያን ሊሳሳቱ ይችላሉ።
ምክረ ሐሳብ፦ የመስመሩ ቁመት ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከፎንቱ ራሱ ይለካ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በመጣው የሙከራ ስሪት ላይ «የሌሊት» ሁለት እግሯን ይዛ ተመልሳለች። ፕሮግራም መጻፍ አላውቅም፤ ያየሁትን በቅደም ተከተል መናገር ግን ትምህርቴ ነው።

ግማሽ ሰከንድ

«ባለሙያ ያልሆነ ሰው ቢሞክር ምን ያገኛል?» ለሚል አንድ ታሪክ ልንገር። በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ገና ያልወጣ የዴቢያን ስሪት ላይ የራሱን ሥራ ሲፈትን፣ በኤስኤስኤች ወደ ማሽኑ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት አየ። ሌላው ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። እሱ ተከታትሎ ሄደና ኤክስዚ በሚባል ፋይል ማመቂያ ውስጥ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶች፣ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። መጋቢት 29 ለዓለም አሳወቀ። በሩን ያስገባው ሰው የፕሮጀክቱን አመኔታ ለማግኘት ከሁለት ዓመት በላይ ደክሞበታል። ፍሮይንድ የደኅንነት ሠራተኛ አልነበረም፤ የዳታቤዝ ሰው ነው። ኡቡንቱ የ24.04ን ቤታ በአንድ ሳምንት ገፋ፣ ፓኬጆቹን እንደገና ሠራ፣ ሚያዝያ 11 አወጣ። ያ የጓሮ በር የተረጋጉ ስሪቶች ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰርቨር ክፍት ሆኖ እንደሚያድር አስቡት። የተያዘው ቅምሻው ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ አየን። ክራውድስትራይክ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣለ። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ሆስፒታሎች አጣዳፊ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎችን ለሌላ ቀን አዘዋወሩ። ኩባንያው በኋላ ባወጣው ዘገባ ማሻሻያውን ያሳለፈው መፈተሻ ራሱ ጉድለት እንደነበረበት ገልጿል፤ በደረጃ ሳይሆን ለሁሉም ባንድ ጊዜ ነበር የተላከው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ መመዝገብን በላብ ስንለማመድ ማንም «ለምን ያስፈልጋል?» ሲል አልሰማሁም።

ቨርቹዋል ማሽን ሁሉን አያሳይም። ባትሪ ቶሎ ይልቅ አይልቅ፣ ብሉቱዝ የስኳር መለኪያውን ያግኝ አያግኝ፣ የአያቴ ጣት ትንሿን ቁልፍ በትክክል ትንካ አትንካ፣ እዚያ ውስጥ አይታወቅም። የላቡ ታካሚም እንዲሁ ነው፤ አይፈራም፣ አያፍርም፣ «ደህና ነኝ» ብሎ አይዋሽም። ሐበሻ እናቶች ደግሞ ሲያማቸው «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ከላብ በኋላ እውነተኛ ሰው አጠገብ መቀመጥ አለ፤ ከቨርቹዋል ማሽን በኋላም አንድ ያረጀ ስልክ ላይ ጭኜ ለአያቴ እሰጣቸዋለሁ። እሳቸው በአምስት ደቂቃ የሚያገኙትን እኔ በአንድ ወር አላገኘውም።

ኑ እንቅመስ

ከናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕና አንድ ነፃ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። አማርኛን አንባቢ አለን፤ ትግርኛ የምታነቡ፣ ኦሮምኛ የምትጽፉ፣ ቤታችሁ ጉራጌኛ የሚነገር ግን ያስፈልጉናል። የኔ ዓይን የማያየውን የናንተ ያያል። አማርኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ የምታፍሩ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ፊደል በፊደል ስለምታነቡ ከሁላችን የተሻላችሁ ፈታኞች ናችሁ።

ሦስት ነገር ጠብቁ። የሙከራ ስሪትን ዋናው ላፕቶፓችሁ ላይ፣ በተለይ የፈተና ሰሞን፣ አትጫኑ። ስሪቱን ከባለቤቱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። የባንክ ቁጥርም ሆነ የእውነተኛ ታካሚ መረጃ እዚያ ውስጥ አታስገቡ፤ ነርሲንግ ተማሪዎች ሂፓን ለኔ አስረዱኝ እንጂ እኔ አላስረዳችሁም።

የሚቀጥለው የኡቡንቱ ቤታ በወጣ በመጀመሪያው ዓርብ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነን። ቻርጀር ይዛችሁ ኑ፤ ዳቦ ቆሎ እኔ አመጣለሁ። በስምንት ሰዓት እንጀምራለን። በሐበሻ ነው።